ካርቶን ቁጥር አርባ ሦስት

ለወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ደም ግፊትህ ወረደልህ? መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወስዳለህ ወይስ እንደ ድሮው ባለቤትህ ውሃና ክኒን ይዛ ከክፍል ክፍል ትከተልሃለች? እሷንም ልጆቹንም ሳምልኝ። እኔ ዓይኔን ከስካነሩ ብርሃን የተነሳ ከመቆጥቆጡ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ሰላምታ ሳላስቀድም ደብዳቤ እንዳልጽፍ ሆኜ ስላደግኩ ነው። እንደ ሆዴ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ብጮህብህ ደስ ይለኝ ነበር።

ያልደወልኩልህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ስልክ ላይ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እሰማለሁ፤ እኔ መናገር ስጀምር "እሺ እህቴ፣ ገብቶኛል፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" ትለኛለህ። ወረቀት ላይ እንደዚያ ማለት አትችልም። ቀድደህ ልትጥለው ትችል ይሆናል፤ ግን ቅጂ አለኝ። ቅጂ ማስቀመጥ ሥራዬ ነው።

አባባ ባረፉ በአራተኛው ወር ቤቴ ድረስ መጥተህ ምን እንዳልከኝ ላስታውስህ። የአባባ መታሰቢያ ቤት ሊከፈት ነው፤ ንድፋቸው፣ ፎቷቸው፣ ደብዳቤያቸው፣ ደብተራቸው ሁሉ አይጥ ሳይጨርሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት የሠራሽው አንቺ እያለሽ ባዕድ እጅ አላስነካውም አልክ። እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳይመረጥ፣ ሳይቀነስ፣ ሁሉም ይገባል አልኩህ። እጄን ይዘህ "ሁሉም" አልክ። ቃሉ ያንተ ነው።

ስምንት ወር ሙሉ አባባ ሐውልት ይቀርጹበት በነበረው መሥሪያ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ስድሳ አንድ ካርቶን። አንተ ባለፈው ከፎቶ አንሺ ጋር መጥተህ አሥር ደቂቃ ቆመህ፣ ኮትህ ላይ ያረፈውን ነጭ ዱቄት እያራገፍክ ወጣህ። እኔ ያንን ዱቄት ስምንት ወር ተንፍሼዋለሁ። ጄሶ ያልነካው ወረቀት የለም፤ ሰውየው ጭቃ በያዘ እጃቸው ደብዳቤ የሚያነቡ፣ የሻይ ብርጭቆ ባስቀመጡበት ወረቀት ላይ መልሰው የሚነድፉ ሰው ነበሩ። በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ። የዛገውን አግራፍ ወረቀቱ ሳይቀደድ በጥፍሬ አነሳለሁ። የተጨማደደውን መስታወት ጭኜበት አሳድራለሁ። ከዚያ ስካነሩ ላይ አስተኛዋለሁ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ሰው ሁሉ ጀርባውን ይረሳል፤ አባባ ደግሞ ዋናውን ነገር የሚጽፉት ጀርባው ላይ ነው። ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ቀን እመዘግብለታለሁ፣ ሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። በቀን መቶ ሃያ ገጽ ካነሳሁ ጎበዝ ነኝ።

ደስ ያለኝም ቀን ነበር፤ አልዋሽህም። ከንቲባውን ክራቫት ያሰረ አውራ ዶሮ አድርገው ነድፈው፣ ከሥሩ "ከሐውልቱ ይልቅ ይኼ ይመስለዋል" ብለው የጻፉበትን ሳገኝ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ። "ሚኒስትሩን ጠይቁት" የሚል ማስታወሻ ደግሞ ሃያ ሠላሳ ቦታ አገኘሁ። ሚኒስትሩ አንተ ነህ። እማዬ ካለፈች በኋላ ደብዳቤ የምትቀበል፣ ቀጠሮ የምትይዝ፣ ቢሮ ለቢሮ የምትመላለስ አንተ ነበርክ። በመጣው ፖስታ ሁሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ገቢ" ብለህ ቁጥርና ቀን ታሰፍርበታለህ፣ ከዚያ ለአባባ ታቀርባለህ። አባባ ሰው ሲመጣ "የኔ ሚኒስትር እኮ የሚያመልጠው ወረቀት የለም" እያሉ ይኮሩብህ ነበር።

አርባኛው ካርቶን ላይ ስደርስ ደወልክ። አርባ ሦስተኛውን እለፊው አልከኝ። ምን አለበት ስልህ የዘሪው ሐውልት ጉዳይ ነው አልክ። የአባባን ክብር ካሰብሽ ተይው፣ የሞተ ሰው ገመና በኮምፒውተር ለዓለም አይበተንም አልክ። እኔም ሞኟ አመንኩህ። የአባቱን ስም የሚጠብቅ ልጅ ብዬ በልቤ አመሰገንኩህ። አባባን ደግሞ እንደ አዲስ ተቀየምኳቸው።

አሁን የምታውቀውን ነገር እነግርሃለሁ። የምነግርህ እኔ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት አድርጌ እንዳወቅኩት እንድታውቅ ነው።

ያኔ እኔ አሥራ አምስት፣ አንተ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። ዘሪው ዘጠኝ ሜትር ቁመት ያለው፣ አጥንቱ ብረት፣ ሥጋው ሲሚንቶ የሆነ፣ ቀኝ ክንዱን ዘርግቶ ዘር የሚበትን ገበሬ ነበር። ሊመረቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጋሽ ጄሶ ከክንዱ ሥር መወጣጫው ላይ ቆመው ብብቱን ይለስኑ ነበር። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ከአባባ ጋር የሠሩ፣ እውነተኛ ስማቸውን ሰፈሩ ሁሉ የረሳው፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ ሆነው ሲመጡ "ሙት መጣብሽ!" እያሉ በግቢው የሚያሯሩጡኝ ጋሽ ጄሶ። ክንዱ ከትከሻው ተገንጥሎ ወደቀባቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። እንዳላይ ዓይኔን በመዳፍህ የሸፈንክልኝ አንተ ነህ። ያንን አልረሳሁትም፤ እሱን እያሰብኩ እንኳ ነው የምናደድብህ።

ከዚያ አጣሪ ተቀመጠ። የሐውልቱን ሥራ ይቆጣጠሩ የነበሩት መሐንዲስ ቀርበው "የትከሻው ብረት ቀጭን ነው፣ ሳይቀየር ማንም ከሥሩ እንዳይሠራ ብዬ ከአደጋው ሃያ ቀን በፊት በጽሑፍ አስጠንቅቄያለሁ" አሉ። አባባ ደብዳቤው ደርሶዎታል ወይ ተብለው ተጠየቁ። ቆመው "ደርሶኝ ነበር፣ ችላ ብዬ ነው" አሉ። ቀጥሎ አንተ ተጠየቅክ። ሟቹ ያን ቀን ጠዋት አፋቸው ይሸት ነበር ወይ አሉህ። ይሸት ነበር አልክ። ውሳኔው አንድ መስመር ተኩል ነው፦ የቀራፂው ቸልተኝነትና የሟቹ ስካር።

ዘሪው ፈርሶ በጭነት መኪና ተወሰደ። ለአባባ ሥራ የሚሰጥ ጠፋ። የጋሽ ጄሶ ሚስት ልጇን ይዛ "የሰካራሙ ሚስት" ከሚላት ሰፈር ወጣች። እኔ ደግሞ አባቴን ጠላሁ። ደብዳቤው ደርሷቸው፣ አንብበው፣ ኪሳቸው ከትተው፣ ሰውየውን ከክንዱ ሥር አቆሟቸው ብዬ። ለምረቃ ብለው፣ ለጭብጨባ ብለው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከቤት የወጣሁት ለትምህርት አልነበረም፤ ፊታቸውን ላለማየት ነው። አንተ ይህንን ታውቅ ነበር። ስንቴ ላስታርቃችሁ ብለህ መሐላችን ተቀምጠሃል! ስንቴ "ይቅር በያቸው፣ ሰው ይሳሳታል" ብለኸኛል! አፍህ እንዴት እሺ አለህ?

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መስኮቴ ፊት ቆሙና ስለ ብረት የተጻፈ መጽሐፍ አለ ወይ አሉኝ። እኔን ለማየት እንደመጡ ገብቶኛል፤ ያልገባኝ መሰልኩ። እንደማንኛውም አንባቢ መታወቂያ ጠየቅኳቸው። አባቴን መታወቂያ ጠየቅኳቸው፣ ወንድም ጋሼ። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። መጽሐፉን ተቀብለው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ እስክንዘጋ ድረስ አንድም ገጽ ሳይገልጡ ተነስተው ሄዱ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለአንተ የምነግርህ ይቆጥቁጥህ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ የመሥሪያ ክፍሉን በር አንዲት ሴት አንኳኳች። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ማውለቅ ረስታዋለች። የጋሽ ጄሶ ልጅ ነኝ አለችኝ። መታሰቢያ ቤት ሊከፈት መሆኑን በሬዲዮ ሰምታ ነው የመጣችው። የምትወቅሰን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ፎቶ ነው። ከአባቷ የቀራት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱም ፊቱ ላይ ማኅተም አርፎበታል። "ሲሠራ የተነሳው ካለ አንድ ብታወጪልኝ፤ ከሌለም ግዴለም፣ ሥራ አላስፈታሽም" አለችኝ። የዘሪው ፎቶዎች ያሉት አርባ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ለዚህች ሴት እምቢ የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ነገ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋትና ካርቶኑን ከፈትኩት።

ፎቶዎቹ ከላይ ነበሩ። ጋሽ ጄሶ መሰላል ላይ፣ ጋሽ ጄሶ የዘሪው አፍንጫ ላይ እጃቸውን ጭነው እየሳቁ። ከፎቶዎቹ ሥር በክር የታሰረ ማኅደር አለ። መሐንዲሱ የጻፉት ደብዳቤ እዚያ ውስጥ፣ ከነፖስታው ተቀምጧል። ደብዳቤው እሳቸው በአጣሪው ፊት እንዳሉት ነው፣ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም። ሌላ ነገር የሚናገረው ፖስታው ነው።

ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ገቢ" ተብሏል፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ቀኑ ጋሽ ጄሶ ከመሞታቸው ሃያ ቀን በፊት ነው። ከሥሩ ደግሞ በአባባ እርሳስ፣ በዚያ ወደ ግራ በሚጋደል ጽሑፋቸው፣ "የተከፈተው ዛሬ" ይላል። እሱም ቀን አለው። ጋሽ ጄሶ ከተቀበሩ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

እነዚያን ሁለት ቀኖች ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው አልነግርህም። የተሳሳትኩ መስሎኝ የአባባን ደብተር አወጣሁ። ደብዳቤው ገቢ በሆነበት ሳምንት እብነ በረድ ሊመርጡ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ ሄደው ነበር፤ የሄዱበትንም የተመለሱበትንም ቀን ጽፈዋል። ሲመለሱ ቤት ውስጥ ማን ምን እንዳስረከባቸው ተራ በተራ ዘርዝረዋል። ያ ፖስታ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከአጣሪው ቀጠሮ በፊት ባለው ገጽ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ "ነገ ደርሶኝ ነበር እላለሁ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።" በማግስቱ ደግሞ፦ "ጄሶ አይጠጣም። ሁላችንም እናውቃለን። ዝም አልኩ።" ከዚያ በኋላ ያለው ደብተር እስከ ሽፋኑ ባዶ ነው።

ቀዩን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው አልጠይቅህም። ፊደል ያስቆጠረኝን እጅ ለይቼ አላውቀውም እንዴ?

ሃያ ሁለት ዓመት ልጅነት ነው። ፖስታ ይረሳል። ጓደኛ ይጠራሃል፣ ኳስ ይኖራል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ወረቀት ከሌላ ወረቀት ሥር ይገባል። በዚህ እኔ አልፈርድብህም፤ ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ አብሬህ አለቅስ ነበር። ያቃጠለኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ሃያ አራት ዓመት ነው። ያቃጠለኝ "ይሸት ነበር" ያልካት ቃል ናት። ሰውየው ሞተው አልበቃ ብሎ! እኔን ደግሞ አባት አልባ አድርገህ፣ አስታራቂ ሆነህ መሐል ተቀመጥክ። ሲታመሙ እጃቸውን ሳጥብ እንኳ የማላውቀውን ሰው እንደማጥብ ነበር። "ትንሽ ቀስ በይ፣ ውሃው ሞቀ" ነበር ያሉኝ፤ ውሃውን አቀዘቀዝኩት፣ እኔ ግን አልቀዘቀዝኩም። በሩ ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። አንዲት ቃል።

አባባንም ገና አልማርኳቸውም፣ እወቀው። ለልጃቸው ብለው የራሳቸውን ስም ሰጡ፤ ይሁን፣ ስሙ የእሳቸው ነው። የጋሽ ጄሶን ስም ግን ማን ሰጣቸውና ነው አብረው የሰጡት? ከእሳቸው ጋር የጀመርኩት ጠብ አላለቀም፤ ምክንያቱ ተለወጠ እንጂ። የሚገርመው አሁን ስጣላቸው ይናፍቁኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት ደወልኩልህ። አርባ ሦስተኛውን ከፈትኩት አልኩህ። ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ። በማግስቱ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከሾፌርህ ጋር መጣህ። የቆየ ወረቀት የሚያድስ ባለሙያ አግኝቻለሁ ብለህ ካርቶኑን አስጫንክ። ስምንት ወር እኔ ያደስኩት ምን ነበር? በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብለህ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ከሆነ አጥፊው አልከኝ። ለምን ስልህ "አባባ ራሳቸው ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት" አልክ። ፖስታውን ማን እንዳስቀረው ሳልጠይቅህ መለስክልኝ። ሾፌሩ እየሰማ ስለሆነ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺታ መስሎህ ትከሻዬን መታ መታ አድርገኸኝ ሄድክ።

አላጠፋሁትም። ማክሰኞ ዕለት ጨርሼዋለሁ፤ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ፖስታውንም ክሩንም። እንደ ሌላው ሁሉ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ ሁለቱን ቦታ አንተ አታውቀውም።

የጋሽ ጄሶ ልጅ በተባለችው ቀን አልተመለሰችም፣ ሥራ በዝቶባት። አርብ ዕለት ፎቶዎቹንና የፖስታውን፣ የደብዳቤውን፣ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ህትመት ይዤ ሱቋ ሄድኩ። የተማሪ ልብስ ተከምሯል፤ በክምሩ መሐል እሷና አንድ የስፌት መኪና ብቻ ናቸው። ፎቶዎቹን መጀመሪያ ሰጠኋት። አፍንጫው ላይ እየሳቁ የተነሱትን ስታይ አብራ ሳቀች፣ "ጥርሱ እንዲህ ነበር እንዴ?" አለች። ቀጥዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። መሐንዲሱ የጻፉትን፣ አባባ የጻፉትን፣ አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ "ታዲያ አልጠጣም ነበር?" አለችኝ። አይጠጡም ነበር አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። የጀመረችውን ሱሪ ጠርዝ እስከ መጨረሻው ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እናቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አይጠጣም ነበር ስትል ኖራ ሞተች" አለችኝ። "ያላመንኳት እኔ ነኝ። አጣሪ ያጣራውን አንቺ ልታውቂ ነው እያልኩ ዝም አሰኛት ነበር።" ምን ልበላት? እኔ ማን ሆኜ ምን ልበላት?

ስወጣ ተከትላኝ በሩ ድረስ መጣች። ፖስታውን ዘርግታ በቀይ የተጻፈውን በጣቷ እያሳየችኝ ይህን የጻፈው ማነው አለችኝ። ስምህን አልነገርኳትም። ወንድሜ ስለሆንክ አይደለም፤ እንዳይመስልህ። እኔ ከነገርኳት ለሁለተኛ ጊዜ ሌላ ሰው ተናገረልህ ማለት ስለሆነ ነው። ራሱ መጥቶ ይነግርሻል አልኳት። "ይመጣል?" አለችኝ። ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከልኩላትና ሄድኩ።

ለምረቃው የምታነበውን ንግግር ረቂቅ አርሚልኝ ብለህ ልከህልኛል። "አባቴ እውነትን በድንጋይ የጻፈ ሰው ነበር" ትላለህ በሁለተኛው አንቀጽ። አላረምኩትም። እንዳለ መልሼ ልኬልሃለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ። ምረቃው ሊደርስ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል። በዚያን ዕለት ማኅደሩ ለማንም ይከፈታል፣ ከአንድ እስከ ስድሳ አንድ፣ ሳይመረጥ፣ ሳይቀነስ። ከዚያ በፊት ብትሄድ ሴትየዋ ካንተ አፍ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ብትሄድ እንደማንኛውም ሰው አንብባ ትጠብቅሃለች። ሱቁ ከአሮጌው ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከጫማ አዳሹ ቀጥሎ ነው። ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ አለች፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ትሠራለች።

ባለቤትህ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ነገር እንደሌለ እገምታለሁ። ለልጆቹ ግን ንገራቸው። ትልቁ ልጅህ በሚመጣው ወር ሃያ ሁለት ይሞላዋል።

ጤናህን እሱ ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን በደጅህ ያሳድግልህ። እስከ ስፌት ቤቱ ደጅ የሚያደርስ ጉልበት፣ ደጁን ካለፍክም በኋላ የማይከዳህ አንደበት ይስጥህ። አሜን በል።

ታናሽ እህትህ